የጥልፉ ጀርባ

ጥቅምት 7

ዛሬም ያ ሻንጣ አደናቀፈኝ። ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ማንንም ላለመቀስቀስ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ በጣቶቼ እየተራመድኩ… ዷ! ቤቱ በሙሉ ነቃ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና፣ "አውቶቡስ ያህል ነገር የሚነዳ ሰው ሻንጣ ያቅተዋል?" አለችኝ።

ሻንጣው የእታለም ነው፣ የታላቅ እህቴ። ከሆስፒታል ወጥታ ወደ እኛ ከተመለሰች ጀምሮ ተሸክፎ በሩ ጥግ ቆሟል። ወደ ክፍሏ ላስገባው ስል "አይ" ትላለች። ሁለት ቃል ነው የቀራት፤ "አይ" እና "በቃ"። ሌላውን ንግግሯን ሁሉ፣ ከቀኝ እጇ ጋር፣ ስትሮኩ ይዞት ሄደ። ቤት ገብቶ ምርጥ ምርጡን ለይቶ የሚሰርቅ ሌባ ማለት ይሄ ነው።

ከሥራ ስመለስ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። በግራ እጇ እኔን ነካች፣ ሻንጣውን አሳየችኝ፣ ከዚያ መዳፏን እንደ አውሮፕላን ወደ ላይ አበረረችው። ወደ ሀገሬ መልሰኝ ማለቷ ነው። የት ነው የምትሄደው? ሰፈራችን ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል። ደግፎ የሚያነሳት፣ የሚያለብሳት ሰው የለም። ይሄን እሷም ታውቃለች። ግን ዐይኗን ከዐይኔ አልነቀለችም…

"ብርዱ ይለፍ። ሙቀቱ ሲመጣ አሁንም መሄድ ከፈለግሽ እኔው ራሴ አደርስሻለሁ" አልኳት። ቃል ገባሁ። ምን ነበር አፌን ብይዝ?

ጥቅምት 10

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነኝ። ዕረፍት። ተሳፋሪ ወርዶ አልቋል።

እታለምን እያሰብኩ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልጨረስኩም ነበር። እሷ ናት በጥልፍ ያሳደገችኝ። የትራስ ልብስ፣ አንሶላ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ… ሱቆች ያዟታል፣ እሷ ትጠልፋለች። እኔ ከተወጠረው ጨርቅ ሥር ተጋድሜ መርፌው ብቅ ሲል አያለሁ። ብቅ… ጥልቅ። እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን እያየሁ ነው። አንድም ቀን እጇ ሲሳሳት አላየሁም።

ሰው ጥልፉን አምጥቶ ሲያሳያት ፊቱን ዞራ አታየውም፤ ትገለብጠዋለች። "ፊቱንማ ለሰው ብለሽ ነው የሠራሽው። እስቲ ጀርባውን።" ቋጠሮና የተንዛዛ ክር ካገኘች አለቀ፤ ጨርቁን አጥፋ ትመልስና ስለ አየሩ ታወራለች። የሷ ጥልፍ ጀርባና ፊቱ አይለይም ነበር። እውነቴን ነው። ስንት ቀን ትራሴን ገልብጬ አልብሼ ማንም አላወቀብኝም።

እንደዚያ ያለ እጅ ጭኗ ላይ ተጋድሞ ሳየው… እንጃ። ተሳፋሪ መጣ።

ጥቅምት 16

የእጅ አሰልጣኟ መጣች። ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ናት፤ ሆስፒታሉ በየሳምንቱ ቤት ድረስ ይልካታል። ከቦርሳዋ የላስቲክ ኳስ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ባለ ቀለም ኩባያዎች አወጣች። "መቆንጠጫውን ከዚህ አንስታ እዚያ ታድርገው በላት" አለችኝ። እታለም የሀገሩን ቋንቋ አትሰማም፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ነገርኳት። መቆንጠጫውን አየችው። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ለእኔ ይሄን? የሚል አስተያየት። ከዚያ በግራ እጇ ሁሉንም ከጠረጴዛው ጠርጋ ወለሉ ላይ በተነችው።

"በቃ።"

ይሄንን መተርጎም አላስፈለገም። ልጅቷ ተንበርክካ ስትለቅም እኔም እያፈርኩ አብሬ ለቀምኩ። እሷ ግን አልከፋትም። "ስትቆጣ ደስ ይለኛል" አለች፣ ከሶፋው ሥር ኳሷን እየፈለገች። "ያልኳቸውን ሁሉ ዝም ብለው የሚያደርጉትን ነው የምፈራው።" ወደድኳት።

ጥቅምት 23

ዛሬ ሳይጻፍ የማይታደር ነገር ሆነ!

አሰልጣኟ "ድሮ በእጇ ምን ትሠራ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ከቁምሳጥኑ አንድ የትራስ ልብስ አወጣሁላት፣ ስንጋባ እታለም ጠልፋ የላከችልንን። ልጅቷ በጣቷ እየዳሰሰች "እንዴት ያምራል!" አለች። እታለም እጇን ዘርግታ መንጭቃ ወሰደችባት። ልትወረውረው መስሎኝ ልይዛት ተነሳሁ። አልወረወረችውም። ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በግራ እጇ ገልብጣ፣ ጀርባውን አሳየቻት። አገጯን ቀና አደረገች። ያንን አገጭ! ካየሁት ስንት ጊዜዬ…

ልጅቷ ጀርባውን አየች፣ ፊቱን አየች፣ እንደገና ጀርባውን። "የቱ ነው ፊቱ?"

ስተረጉምላት እታለም ሳቀች። አፏ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚነሳው። ቢሆንም ሳቅ ነው።

ልጅቷ ስትወጣ ሻንጣውን ተሻግራ በር ላይ ቆመችና፣ "ግራ እጇ እኮ ደኅና ነው። የሚወጠረው ነገር ጠረጴዛ ላይ ከታሰረላት በአንድ እጅም ይጀመራል" አለች። ለእታለም ነገርኳት። "አይ።" እሺ፣ አይ። ትንሽ ቆይታ ግን ጣቷን ወደ ሻንጣው ቀሰረች። ባለቤቴ ከፈተችው። ከልብሷ ሥር ክሮቿ፣ በየቀለማቸው ታስረው… ጨርቅ የሚወጠርበት የእንጨት ክቧም አለች። ሁሉን ነገር ትቶ ሊሄድ የተነሳ ሰው ክር ይሸክፋል እንዴ? ባለቤቴ ዐይኗን ጠቀሰችኝ።

ጥቅምት 25

መርፌዋን ሶፋው ክንድ ላይ ሰክታ፣ ክሩን በግራ እጇ ይዛ ስትታገል ዋለች። ላግዝሽ? አይ። እራት እስኪቀርብ። ክሩ ገባላት። "በቃ" ብላ ተኛች። ሌላ ምንም አልሠራችም። እኔ ግን ከእሷ በላይ ደክሞኛል።

ኅዳር 3

መጋረጃው ተከፈተ።

እዚህ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ የክፍሏን መጋረጃ ከፍታው አታውቅም። "ምን አለ ውጭ? የማላውቀው መንገድ" ትል ነበር፣ ያኔ ስትናገር። ግድግዳዋም ራቁቱን ነው። የመጣች ሰሞን አንድ ሥዕል ልስቀልልሽ ብላት፣ "ተው ማሙሽ፣ ለሁለት ቀን እንግድነት የሰው ግድግዳ አልበሳም" አለችኝ። የሰው ግድግዳ! የወንድሟ ቤት? ምንም አላልኩም እንጂ ተቀይሜ ነበር። (ማሙሽ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ራሴ ተመልጦ፣ ጢሜ ሸብቶ፣ ማሙሽ። አሁን እሱም ከሌላው ቃል ጋር ሄዷል። ይናፍቀኛል፣ ለማን እነግራለሁ?)

ዛሬ ግን ለመርፌው ብርሃን አነሳት። በከዘራዋ ተመርኩዛ ተነሳች፤ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና መጋረጃውን ይዛ ሳበችው። ለጥልፉ ስትል ነው፣ ለመንገዱ አይደለም። ብርሃኑ ሲገባ ግን መንገዱም አብሮ ገባ። ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ በረንዳ ላይ ቀይ ብርድ ልብስ ተሰጥቷል። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀይ ክር አምጣ ብላ ጠቆመችኝ።

ኅዳር 12

የበረንዳው ብረትና የብርድ ልብሱ ጠርዝ አለቀ። አንድ መስመር ነው፣ ከጣት ትንሽ ይረዝማል። ለዚህ ስንት ቀን…

ጠማማ ነው። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ ምን ልዋሽ? አንዱ ስፌት ረጅም፣ አንዱ አጭር፤ መሐል ላይ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ይወጣል። ያቺ እጅ ይሄን ሠራች? አይቼው ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ውኃውን ከፍቼ ቆምኩ። ሰው ቢያየው ምን ይላታል? ስለ እሷ ተሸማቀቅኩ።

ኅዳር 13

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከሕንፃችን ሥር ልብስ የምታሳጥርና የምታጠብብ ሴት አለች፣ እሷም እንደኛ ከሌላ ሀገር የመጣች። እታለም ከባለቤቴ ጋር ለምርመራ ስትሄድ ጨርቁን ይዤ ወረድኩ። ሴትየዋ መስመሩን ተረተረችው፤ በዚያው ቀይ ክር፣ በዚያው ቦታ፣ ቀጥ አድርጋ መለሰችው። አያምርም አይባልም! እታለም ስታየው እጇ የተመለሰላት ይመስላታል፣ ደስ ይላታል ብዬ…

ኅዳር 14

ደስ አላላትም።

ገና እጇ ሲነካው አወቀችው። ገለበጠችው። ጀርባው ንጹሕ። አየችኝ። ተቆጥታ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ያየችኝ የማታውቀውን ሰው በምታይበት ዐይን ነው። ካፖርቴን አልብሱኝ አለች በእጇ። ወጥታ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች።

ኅዳር 15

ሻንጣው ላይ።

ኅዳር 16

ዛሬም። መጋረጃውም ተዘግቷል። አሰልጣኟ ደውላ እንዴት ናት አለችኝ። ደኅና ናት አልኩ። ውሸታም።

ኅዳር 18

ባለቤቴ እስከ ዛሬ ዝም ብላኝ ነበር። ዛሬ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ረጋ ብላ አወረደችብኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ልጃችን መጀመሪያ ስትራመድ ወዲያ ወዲህ ስትል አልነበር? ጎረቤት ጠርተህ በሷ ፋንታ ቀጥ ብለህ ሂድልኝ አልክ?"

"ላስደስታት ብዬ…"

"ራስህን ልታስደስት ብለህ ነው። ጠማማውን ማየት ያቃተህ አንተ ነህ፤ እሷማ ስታየው ነው የዋለችው።"

ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ተሳስታ ባገኛት ብዬ እጠብቃለሁ። ዛሬም አልሆነም።

ኅዳር 19

በሩ ጋ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ ከፊቷ። የሥራ ልብሴን እንኳ አላወለቅኩም።

"እታለም፣ ባንቺ አይደለም ያፈርኩት…" አልኩና አቆምኩ። "አይ፣ ባንቺ ነው ያፈርኩት። ለምን እዋሻለሁ? ይቅር በይኝ።"

ከወለሉ አልተነሳሁም። ጉልበቴ ደነዘዘ። በኋላ በከዘራዋ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። አንሣኝ ነው።

ጠረጴዛዋ ጋ ሄደች። መቀስ። ቀኝ ክንዷን በግራዋ አንስታ ጨርቁ ላይ ጫነችው፣ እንዳይንሸራተት። ያ የሞተ ያልነው ክንድ ጨርቅ ያዘ! ከዚያ የልብስ ሰፊዋን መስመር መተርተር ጀመረች። አንድ ስፌት፣ ዕረፍት፣ አንድ ስፌት። ያን የመሰለ ቀጥ ያለ ሥራ እየፈታች ስትጥለው ፊቷ ላይ ምንም ቂም የለም። የራሷ ስላልሆነ ብቻ። ጨርሳ ክሩን ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ውሰድላት እንደማለት። ከዚያ መርፌዋን አንስታ ከመጀመሪያው ጀመረች። ጠማማ። እኔ አጠገቧ ሆኜ እያየሁ ነበር፣ መታጠቢያ ቤት አልገባሁም።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ያሳደገኝ።

ኅዳር 30

ሥራ አገኘሁ። ሁለተኛ ሥራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥልፍ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ከላይ መርፌውን ይሰዳል፣ ሌላው ከሥር ተቀብሎ ይመልሳል። እሷ ያላት የላዩ ብቻ ነው። መርፌውን ከላይ ሰክታ፣ እጇን አዙራ ከሥር አስገብታ፣ ፈልጋ፣ ስባ፣ መልሳ… ለአንድ ስፌት ይሄ ሁሉ። ዛሬ በመሐል አቆመችና ቀኝ እጄን ያዘችኝ። ጎትታ ከጨርቁ ሥር አስገባችው። እዚህ ሁን።

መርፌው ብቅ አለ። ልጅ ሆኜ የማውቀው መርፌ፣ በዚያው በኩል! የመጀመሪያው አውራ ጣቴን ወጋኝ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ያዝኩት። መልሼ ስልከው የወጣው እሷ ከምትፈልግበት ሩቅ ነው። ጥርሷን ነክሳ "አይ!" ደግሞ። "አይ!" ሃያ ዓመት መሪ የያዘ እጅ መርፌ ሲይዝ እንዴት ወፍራም ነው…

በምልክት ተስማማን። ቀኝ ክንዴን በጣቷ አንዴ መታ ካደረገች፣ ላክ። ሁለቴ ከሆነ፣ ሳብ። ከቧጨረችኝ ተሳስቻለሁ። ክንዴ ሁሉ ተቧጭሯል።

ታኅሣሥ 6

የስምሪት ኃላፊው ጣቶቼ ላይ ያለውን ፕላስተር አየ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ጥልፍ።"

"ምን?"

"ጥልፍ እየሠራሁ ነው።"

የሾፌሮች ማረፊያ ክፍል በሳቅ ፈረሰ። ወፍራሙ ባልደረባዬ የኮቱን ቁልፍ በጥሶ እስኪ ትከልልኝ አለኝ። ነገ ክርና መርፌ ይዤ ሄጄ እተክልለታለሁ። ከዚያ በኋላ ይሳቅ።

ታኅሣሥ 19

ሳብ አለች!

በጣቷ አይደለም። በአፏ። ክሩ ከሥር ተንዛዝቶ ነበር፣ እኔ የአሰልጣኟን ቀጠሮ እያሰብኩ ፈዝዣለሁ። ክንዴን መታች፣ አልሰማሁም። መታች። ከዚያ "ሳብ!"

ሁለታችንም ደነገጥን። መርፌው በእጄ እንደተሰቀለ ቀረ። ባለቤቴ ከማጀት እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ሮጣ መጣች። "ምን አለች? ምን አለች?" እታለም ሁላችንንም አየችን፣ ጨርቁን አየችው፣ ክሩ አሁንም ተንዛዝቷል።

"ሳብ" አለች፣ ስለ እኔ ትዕግሥቷ አልቆ።

ሳብኩ። ዐይኔ ምንም አያይም ነበር፣ ግን ሳብኩ።

ጥር 8

ጨርቁ እየሞላ ነው። ቀዩ ብርድ ልብስ አለ። ከሱ በላይ አንድ ሽማግሌ፣ ጠዋት ጠዋት የአበባ ማሰሮ ውኃ የሚያጠጣ። ታች የዳቦ ቤቱ በር። የቆመ ብስክሌት፣ ጎማው ክብ ሊሆን ፈልጎ ያልሆነ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዘመመ ነው፣ ሰው ነፋስ ሲመታው እንደሚያዘምም። መጀመሪያ ቀን ያሳፈረኝ ነገር አሁን ባይኖር ቅር የሚለኝ መሰለኝ። እውነት ይሄ ሁሉ ከአንዲት በሽተኛ ሴት ግራ እጅ ነው የወጣው?

ይሄን መንገድ ስንት ዓመት ነዳሁበት? ሽማግሌው መኖሩን ከጥልፉ ነው ያወቅኩት። እኔ የማውቀው መብራቱን፣ ፌርማታውን፣ ጉድጓዱን ነው። አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ግን እዚህ ኗሪ ነኝ እላለሁ።

ጥር 10

ሰማያዊ ክር ጠየቀች። አውቶቡሴ! ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቆማለች፣ አራት ማዕዘን ልትሆን ምንም አልቀራት። መሪው ጋ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ። ይሄ ማነው ብላት የመላጣዬን ክበብ በጣቷ ራሴ ላይ ዞረችው።

ዛሬ በቤታችን በኩል ሳልፍ የፊት መብራቱን ብልጭ አደረግኩላት። ሦስተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ላይ፣ ግራ እጅ ተነሳ። ተሳፋሪዎቹ ማንን ሰላም እንደምል ዞረው አዩ።

ጥር 27

ሆስፒታል። ትኩሳት፣ ሳንባዋ ነው አሉ። ያ ሌባ ተመልሶ መጣ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ስትሮክ አይደለም አለ፣ ግን ደክማለች፣ በጣም።

ጥር 29

ዐይኗን ጨፍና ነው የምትውለው። አልተናገረችም፣ አይ እንኳ አላለችም። አሰልጣኟ ከሥራዋ ወጥታ መጣች፤ ከአልጋው ግርጌ ቆመች።

ጥልፉን ይዤ ሄጄ ነበር፣ ነርሷ መርፌ አልጋ ላይ አይሆንም አለች። ልክ ናት። አጠፍኩትና ቀኝ ክንዴን አልጋው ላይ አሳርፌ ተቀመጥኩ። የተኛች መስሎኝ… ክንዴ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። በጣቷ። አንዴ። ላክ። ቆይታ፣ ሁለቴ። ሳብ። ጨርቅ የለም፣ መርፌ የለም። እኔም ባዶ እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር አድርጌ ላክኩ፣ ሳብኩ። እስኪመሽ እንደዚህ ስንሠራ ቆየን። አንዴ ቧጨረችኝ። በባዶ እጅም ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

የካቲት 15

ቤት ገባች። ከስታለች። ሻንጣው በሩ ጥግ እየጠበቃት ነበር፤ አየችው፣ ወደ ክፍሏ አለፈች።

የታችኛዋ ልብስ ሰፊ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ልትል መጣች፣ በራሷ ቋንቋ። አንዳቸውም የሌላዋን አይሰሙም። ሰፊዋ የራሷን የአንገት ልብስ አውልቃ ጥልፉን አሳየቻት። እታለም ገለበጠችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችላት፣ አዎ ብላ። ሰፊዋ እንደ ተማሪ ፊቷ በራ። የኅዳሩ ነገር በዚሁ ተዘጋ።

መጋቢት 22

ሙቀቱ መጣ። ዛሬ የአውቶቡሱን መስኮቶች ከፍተን ነዳን። ተሳፋሪው ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔ ግን ጥቅምት ላይ ያልኳትን እያሰብኩ ነው የነዳሁት። ቃሌ… እሷ አትረሳም። ለሰው የገባችውን ቃል እንደ ስፌቷ ነው የምትይዘው፣ ከሰውም ያንኑ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ጥግ ሄዳ ሻንጣውን ብታሳየኝስ? ወስጃት፣ ማን አጠገብ ትቻት ነው የምመለሰው? ከጨርቁ ሥርስ የማን እጅ ይገባል?

ባለቤቴ፣ "ጠይቃት" አለችኝ። ልጠይቃት አልችልም።

ሚያዝያ 2

የመጨረሻው ስፌት የሰማዩ ጥግ ነበር። ላክ። ሳብ። ቋጠርኩ። እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች፣ ወደ ኋላ ደገፍ አለች።

"በቃ።"

እንደ መቆንጠጫው ቀን ያለ በቃ አይደለም። ይሄኛውን ሰው ጠግቦ ከማዕድ ሲነሳ ነው የሚለው።

እንግዲህ ቀኑ ዛሬ ነው አልኩና ጠየቅኳት። "እታለም፣ ሙቀቱ መጥቷል። ቃሌ ቃል ነው። ልሂድ ካልሽ አደርስሻለሁ። ትሄጃለሽ?"

መስኮቱን ስታይ ቆየች። ሽማግሌው አበቦቹን እያጠጣ ነበር።

ሚያዝያ 4

እስካሁን መልስ የለም። ሻንጣው ቦታው ላይ ነው። ዛሬ አንድ ፌርማታ ዘልዬ አለፍኩ፣ ተሳፋሪ ጮኸብኝ።

ሚያዝያ 5

ልጻፈው፣ በአንድ እጅም ቢሆን።

ከሥራ ስገባ ከአልጋዋ በላይ ባለው ባዶ ግድግዳ ፊት ቆማ አገኘኋት። በግራ ጡጫዋ ግድግዳውን ትመታለች። ዷ። ዷ። ምን ሆነሽ ነው? ዷ። እኔን አየችኝ፣ ጥልፉን አየች፣ ዷ። ከእኔ ቀድሞ ለባለቤቴ ገባት። እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። "ምስማር!" አለች። "ምስማር ነው የምትልህ፣ ምን ትጎለታለህ!"

ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለልኩ ወረድኩ። ከልብስ ሰፊዋ መዶሻና ምስማር ይዤ ስመለስ ልቤ ከእኔ ቀድሞ ፎቅ ደርሷል። ልመታው ስል "አይ" አለችና መዶሻውን ቀማችኝ። እኔ ምስማሩን ልይዝ፣ እሷ ልትመታ። በግራ እጇ! ዐይኔን ጨፈንኩ። የመጀመሪያው ግድግዳውን አገኘው። ሁለተኛው ምስማሩን። ሦስተኛውን አልናገርም። ምስማሩ ግን ገባ፣ ትንሽ አዘመመ።

ጥልፉን ሰቀልኩት። ወደ ኋላ ብዬ ሳየው… በረንዳው፣ ሽማግሌው፣ ዳቦ ቤቱ፣ አውቶቡሴ። መንገዳችን። ሲያምር!

"አይ" አለች። አወረደችው። ገልብጣ ሰቀለችው፣ ጀርባውን ወደ እኛ።

"ኧረ እታለም! ጀርባው እኮ ነው" አልኩ። ምን ዓይነት ጀርባ! ያልተቆረጠ ክር፣ የተንዛዛ፣ እንደ አተር ያበጠ ቋጠሮ፣ አንድ ቦታ የጣቴ ደም ደርቆበታል። እድሜዋን ሙሉ እንዲህ ያለ ጀርባ ስታይ ጨርቁን አጥፋ ትመልስ ነበር። "ሰው ይስቅብሻል፣ ተይ ልገልብጠው…"

እጄን መታ አድርጋ መለሰችኝ። ከዚያ ትልቁ ቋጠሮ ላይ ጣቷን አሳረፈች። አፏ ታገለ፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

"ማሙሽ" አለች።

ጣቷን ወደ ሌላው ቋጠሮ ወሰደች። "ማሙሽ።" ደሙ ወዳለበት። "ማሙሽ።" እያንዳንዱን እየነካች፣ ስሜን እየጠራች፣ ከዳር እስከ ዳር። እኔ አለቀስኩ። ይታወቅ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ባለቤቴም ከእኔ አልተሻለችም።

ሻንጣው አልጋዋ ሥር ገብቷል። ባዶውን ነው፣ ልብሷ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ክሩ ጠረጴዛዋ ላይ። ነገ ጠዋት በሩ ጋ የሚያደናቅፈኝ ነገር የለም። አውራ ጣቴ ግን አብጧል፣ ጥፍሩም ጠቁሯል። ነገ መሪ እንዴት አድርጌ እንደምይዝ እንጃ።